ወንዝ የሚገራው በራስጌው ነው

ወንዝ የአገር በረከት እንደ ሆነ ሁሉም ሰው ይናገራል። ነገር ግን ወንዝ ምድርን የሚጠርብ፥ የጠረበውን ተሸክሞ የሚሄድ፥ የተሸከመውንም በሌላ አገር የሚያራግፍ፥ ሌሊትና ቀን የማያርፍ ሠራተኛ መሆኑን ልብ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። እኛ የመንግሥት ሥራ የተሰጠን ሰዎች ወንዝን የምናስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይኸውም ድልድይ ሲሰበር፥ ከብት ሲወሰድ፥ ወይም ሁለት ጎረቤታሞች «ወንዙ መሬቴን ቈርሶ ወደ እርሱ አዞረብኝ» እያሉ ለአቤቱታ ሲመጡ ነው። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል ነገሩም አብሮ ይጎድላል፤ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ የሚያነሣው የለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የወንዝ ጉዳይ የክረምት ጉዳይ ብቻ እንዳይደለ፥ መድኃኒቱም ከወንዙ ዳር ይልቅ በወንዙ ራስጌ እንደሚገኝ ለክቡራን ሹማምንትና ለባለ መሬቶች ማስረዳት ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አገር ቢፈለግ ፍላቂት ይበቃል። ፍላቂት በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ፥ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ገብሱንና ባቄላውን እያየ በሜዳ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ በታላቅ ጣራ አናት ላይ የሚሄድ አይመስለውም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከመቄት ደጋ በስተ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ የሚወርደው ወደ በሽሎ፥ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ተከዜም በሱዳን ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይቀላቀልና፥ ከካርቱም በስተ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአትባራ ከተማ አጠገብ ከዓባይ ጋር አንድ ይሆናል። ስለዚህ በመቄት ጀርባ በሁለቱ ወገን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እዚሁ ተለያይተው፥ አንደኛው በዓባይ ገደል፥ ሁለተኛው በተከዜ ገደል ዞሮ፥ በበረሃ መካከል ይገናኛሉ ማለት ነው። የፍላቂት ሹም የሁለት ታላላቅ ወንዞች ባላደራ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ወንዝ ምድርን እንዴት እንደሚለውጥ ለመረዳት ሦስቱን ሥራዎቹን መለየት ያስፈልጋል። መጀመሪያው መቈፈር ነው፤ ሁለተኛው መሸከም ነው፤ ሦስተኛው ማራገፍ ነው። ሦስቱንም የሚያዛቸው የውሃው ብዛትና ፍጥነት ነው። ቁልቁለት ሲበረታ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን ከፍጥነቱ እጅግ አብልጦ ይጨምራል። የውሃ ሊቃውንት በሒሳብ እንዳስረዱት፥ የውሃ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል። በበጋ ሕፃን የሚሻገረው ጅረት በነሐሴ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሬ የሚያህል ድንጋይ አንከባልሎ በመንገድ ላይ ጥሎ የሚገኘው ስለዚህ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ሸክሙን በተራ ያራግፋል፤ አስቀድሞ ቋጥኙን፥ ቀጥሎ ጠጠሩን፥ ከዚያም አሸዋውን፥ በመጨረሻም ደለሉን ይጥላል።

ወንዝ በሚታጠፍበትም ስፍራ ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቃል። ውሃው ወደ ውጭኛው ዳር ተገፍቶ በፍጥነት ስለሚሄድ ያንን ዳር ይቦረቡረዋል፤ በውስጠኛው ዳር ግን ቀስ ስለሚል አሸዋና አፈር ይከምርበታል። ስለዚህ መታጠፊያው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ይሄዳል፤ በአንዱ ዳር ያለው ገበሬ ማሳው እያነሰበት፥ በማዶ ያለው እየጨመረለት ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ያላወቀ ዳኛ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ በደለ አድርጎ ይቈጥራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ወንዝ ወደ ላይ ማደጉ ነው። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦዩ ግን ወደ ላይ ይወጣል። የጎርፍ ውሃ ከአንድ ትንሽ አፋፍ ላይ ሲወድቅ የአፋፉን ሥር ይቦረቡራል፤ ሥሩ የተበላው አፋፍ በራሱ ክብደት ይናዳል፤ በሚቀጥለውም ዝናብ ውሃው ከአዲሱ አፋፍ ላይ ወድቆ ሥሩን ይበላል። እንዲህ እያለ ቦረቦሩ ከወንዙ ተነሥቶ በግጦሹ፥ ከግጦሹ በማሳው፥ ከማሳው ወደ መንደሩ ይወጣል። ገበሬው «ወንዙ ከእኔ ሩቅ ነው» እያለ ሲኖር ወንዙ ወደ ደጃፉ ሲመጣ አያየውም። ታላቁም ወንዝ ትንሹም ቦረቦር የሚያድጉት በዚህ በአንድ መንገድ ነው፤ ልዩነታቸው በመጠንና በዕድሜ ብቻ ነው።

የተከዜና የዓባይ ገደሎች የተሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የላስታና የመቄት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየቀለጠ የወጣው ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ነው። ምድሩ ከፍ ባለ ቍጥር ወንዞቹም እየበረቱ ጠረቡት። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ገደሉም በአንዳንድ ስፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ፥ ከአፍሪካ ጥልቅ ገደሎች በፊተኛው ተራ ይቈጠራል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርድ ሰው ግን ይህንኑ ተከዜ ገና በልጅነቱ ይሻገረዋል። የበጋውን ውሃ ያየ ሰው ያንን የመሰለ ገደል የጠረበ እርሱ ነው ቢሉት አያምንም።

በስተ ደቡብም ዋድላንና ደላንታን የሚለየው የዥጣ ገደል አለ። ሁለቱ አምባዎች በዐይን ሲታዩ የሚነካኩ ይመስላሉ፤ በእግር ሲኬድ ግን ወርዶ መውጣቱ ቀን ይፈጃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ በዚህ ገደል ቁልቁለትና አቀበት ላይ መንገድ እያስጠረቡ ለማለፍ ብዙ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም በዚያው መንገድ ተሻገረ። እንግዲህ የአገራችን ወረዳዎች ወሰን፥ የገበያዎቻችን ስፍራ፥ የመንገዶቻችን መታጠፊያ፥ የጦር ታሪካችንም ጭምር ወንዝ በጠረበው ምድር ላይ የተጻፈ ነው።

ወንዝ አፍራሽ ብቻ ነው ማለት ግን ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ከሰሜን ወሎ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ያለውን የቆቦን ሜዳ ማየት ነው። አላውሃና ጎሊና ከተራራው ሲወርዱ በገደል ውስጥ የተሸከሙትን ድንጋይና ደለል ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያራግፋሉ፤ ከዚያም ወደ አፋር ዝቅተኛ አገር ይሄዳሉ። የቆቦ ሜዳ የለማው ለብዙ ዘመን በዚህ ደለል ነው፤ ገበሬውም ጎርፉን ወደ ማሳው እየመራ ማሽላውንና ጤፉን ያበቅልበታል። ነገር ግን ያው ጎርፍ ከልክ ሲያልፍ በደለል ፋንታ ጠጠር ይጥላል፤ መንገዱንም ለውጦ ትናንት ባልነበረበት ስፍራ ያልፋል። ወንዝ የሚሰጠው በልክ ሲመጣ ነው፤ ልኩን የሚወስነው ደግሞ ተራራው የለበሰው ልብስ ነው።

ከአገራችን ውጭም ምስክር አለ። ግብፅ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረችው ዓባይ በየዓመቱ በሚያመጣላት ደለል ነበር፤ ከዚያም ደለል ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በአትባራ የወረደ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተፈጸመ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለ ቀረ፥ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት በረሺድ በኩል ባሕሩ የብሱን እየበላ ሄደ። ይህም ወንዝ አገርን እንደሚሠራ፥ ሥራውም ሲቋረጥ አገሩ እንደሚጎድል ያስረዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የታወቀ ነው፤ ከግንዱ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን አብሮት የሚዞረው አፈር ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ ወንዝ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲቈፍር ከኖረ፥ ገደሉም የተፈጥሮ ሥራ ከሆነ፥ የወረዳ ሹም ምን ማድረግ ይችላል? ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱም የወንዝ ሥራ ሁለት ዓይነት ፍጥነት አለው የሚል ነው። አንደኛው ዝግተኛው ነው፤ እርሱም ተራራው ዛፍና ሣር ለብሶ ሳለ ውሃው ድንጋዩን ቀስ በቀስ የሚበላበት ነው፤ በዚህ ጊዜ የታጠበውን ያህል አፈር ከሥር ስለሚፈጠር አገር አይጎዳም። ሁለተኛው ፈጣኑ ነው፤ እርሱም ተራራው ተራቍቶ ሳለ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ የሚወስድበት ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሊያቆመው አይችልም፥ ማቆምም አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ግን ያመጣው ሰው ስለ ሆነ ሰው ሊመልሰው ይችላል።

የፈጣኑን ሥራ ልክ ለማወቅ በቍጥር መናገር ይሻላል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረ የአፈር ጥበቃ ምርምር ነበረ፤ ከምርምሩ ጣቢያዎች አንዱ በደቡብ ወሎ በማይባር የተቋቋመው ነው። በዚህ ምርምር መሠረት በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚታጠብ ተገምቷል። ይህ 420 ኩንታል ነው። በደጋ አገር ከአንድ ሄክታር የሚታፈሰው ገብስ ብዙ ጊዜ ከሃያ ኩንታል አይበልጥም፤ እንግዲህ ገበሬው ሃያውን ኩንታል በጎተራ ሲያገባ አራት መቶ ሃያው ኩንታል በጓሮ በር ይወጣል ማለት ነው። በአሮጌው መለኪያ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው ብንል፥ ከአንድ ጋሻ በየዓመቱ 16,800 ኩንታል አፈር ይነሣል። እርግጥ ነው፥ የተነሣው ሁሉ ወንዝ አይደርስም፤ ከፊሉ በግርጌ ባለው ማሳ ይቀራል። ነገር ግን አስቀድሞ የሚሄደው የላይኛው ለምለሙ አፈር ነው፤ የሚቀረው ኮረቱና ጭንጫው ነው።

ይህም አፈር ሄዶ የት እንደሚገባ ይታወቃል። ሱዳን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በአትባራ ወንዝ ላይ ኸሽም ኤል ጊርባ የተባለውን ግድብ ሠርታ ነበር። ግድቡ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዝ ነበር፤ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ ግን ግማሽ ያህሉ በደለል ተሞላ። ያ ደለል ብዙው የላስታ፥ የዋግ፥ የስሜንና የትግራይ አፈር ነው። ዛሬ ደግሞ በራሳችን አገር፥ በተከዜ ላይ፥ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲሰጥ የተሠራው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ቆሟል። ከመቄት ሰሜናዊ አፋፍ የሚታጠበው አፈር መንገዱ ወደዚያ ነው። ቀድሞ አፈራችን ሲሄድ ያጣነው እርሻችንን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን መብራታችንንም ጭምር የሚያጠፋ ሆኗል። ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ቦረቦር የመላው አገር ጉዳይ ነው።

አሁን ቦረቦር በደጋ አገር ከምን እንደሚነሣ በዝርዝር መመልከት ይገባናል። ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገር ይነሣል። አንደኛው ከማሳ ውስጥ ከሚወጣ ፈሰስ ነው። ገበሬው በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል፤ አሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ፈሰሱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የወረደ እንደ ሆነ፥ የአሥር ማሳ ፈሰስም በአንድ ስፍራ የተገናኘ እንደ ሆነ፥ በሁለት ወይም በሦስት ክረምት ያ ስፍራ ሰው የማይዘለው ቦረቦር ይሆናል። ሁለተኛው የከብት መንገድ ነው። ከብት በየቀኑ ወደ ውሃ ሲወርድ በአንድ መስመር ስለሚረግጥ ሣሩ ይጠፋል፥ ምድሩም ይጐደጕዳል፤ ዝናቡም ያንን ጐድጓዳ ቦይ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የመኪና መንገድ ነው። መንገድ ለአገር ታላቅ ጥቅም መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን መንገድ በተራራ ወገብ ላይ ሲያልፍ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ይሰበስብና በጥቂት ቱቦዎች ወደ ታች ያወጣዋል። በትግራይ ከመቀሌ ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ምርምር ያደረጉ ሊቃውንት ከመንገዱ ሥራ በኋላ በቱቦዎቹ አፍ ግርጌ አዳዲስ ቦረቦሮች እንደ ተከፈቱ አስረድተዋል። በመቄት ጀርባ የሚሄደው መንገድም በውሃ መክፈያው አናት ላይ ስለ ተዘረጋ፥ ከእያንዳንዱ ቱቦ የሚወጣው ውሃ የአንድ አዲስ ጅረት መነሻ ሊሆን ይችላል። መንገድ ሠሪው ውሃውን ከመንገዱ ማውጣቱን እንጂ ውሃው ከወጣ በኋላ የሚያደርገውን አይመለከትም፤ ይህን መመልከት የወረዳው ሹም ፋንታ ነው።

በዚህ ረገድ ከቀደሙት ሰዎች የምንማረው አለ። ላሊበላን የሚሳለም ሁሉ የቤተ ክርስቲያኖቹን ጥበብ ያደንቃል፤ በዙሪያቸው የተጠረበውን የውሃ መውረጃ ግን የሚመለከት ጥቂት ነው። ያን ሥራ የሠሩት ሰዎች ከአለቱ ላይ ሕንጻውን ሲፈለፍሉ፥ ዝናቡ የሚሄድበትንም ቦይ በዚያው አለት ላይ ጠርበው አበጅተዋል፤ ዮርዳኖስ የተባለውም ቦይ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍል ለይቶ ያልፋል። ሕንጻ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የውሃውን መንገድ ማሰብ እንደሚገባው ከዚያ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። በስምንት መቶ ዓመት በፊት የታወቀው ነገር ለዛሬው መንገድና ለዛሬው ከተማ ሥራ ሊጠፋን አይገባም።

የጉልበት ሥራ እንደ ተሠራ አውቃለሁ። ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፥ ይልቁንም በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ጥፋት ወዲህ፥ የወሎ ሕዝብ ለጉልበቱ እህል እየተሰጠው ተራራውን በእርከን አጥሮታል፥ ብዙ ኮረብታም ተከልሏል። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ የተከለለው ዛፍ ተመነጠረ፥ እርከኑም ፈረሰ። ይህ የሆነው ሕዝቡ አፈሩን ስለ ጠላ አይደለም፤ ክልሉ የመንግሥት እንጂ የእርሱ መስሎ ስላልታየው ነው። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲሠራ ቈይቷል፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ወሎ የደረሰው ጦርነት ደግሞ ሕዝቡን አፈናቅሎ ብዙ ሥራ አስፈትቷል። በችግር ላይ ያለ ሕዝብ የሚሰጠው ጉልበት ውድ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ቀን እንኳ በማይረባ ስፍራ እንዳትውል መጠንቀቅ የሹም ግዴታ ነው።

የሚባክነውም ጉልበት አብዛኛው የሚባክነው ሥራው ከግርጌ ስለሚጀመር ነው። ቦረቦሩ ከሁሉ ይልቅ አስፈሪ ሆኖ የሚታየው በታች በኩል ስለ ሆነ፥ ጉብኝት የሚመጣውም ሰው የሚያየው እርሱን ስለ ሆነ፥ ድንጋዩና ሽቦው ወደዚያ ይሄዳል። ከላይ ያለው ማሳ ግን እንደ ተራቈተ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ይወርድና ክትሩን በጎን ዞሮ ያልፈዋል፥ ወይም ሥሩን ቦርቡሮ ይጥለዋል። ሕዝቡም «ያለፈው ዓመት ሥራችን የት አለ?» ይላል፤ መልስ የሚሰጠው የለም። በመዝገብ ላይ ግን ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፥ ይህን ያህል ክትር ተሠራ ተብሎ ተጽፎ ይኖራል። ወንዝ መዝገብ አያነብም።

ስለዚህ ሥራው በዚህ ተራ ቢሆን መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፥ ከውሃ መክፈያው አናት ይጀመር። በጣም ቀጥ ያለው ስፍራ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ይጠበቅ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና እንዳይጋጥ፥ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራበት እንዳይታረስ ደንግጎ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ ቁልቁለቱ ግን አልተተካም፥ የውሃውም ሥርዓት አልተሻረም። የተከለለውን ስፍራ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ የሚወስድ፥ ቀፎም የሚሰቅልበት የአካባቢው ገበሬ ይሁን፤ ጥቅሙን በእጁ የያዘ ሰው ክልሉን ያለ ዘበኛ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፥ በማሳ ውስጥ የሚወጣው ፈሰስ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሳይወርድ በተዳፋቱ አግድም ቀስ ብሎ እንዲሄድ፥ መጨረሻውም ሣር ወደ ለበሰ መውረጃ እንዲሆን ጎረቤታሞች ተመካክረው ይሥሩ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ሽማግሌ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሦስተኛ፥ ከመንገድ ቱቦ አፍ በታች ያለው መሬት በድንጋይ እንዲነጠፍ፥ ውሃውም እንዲበተን መንገድ ሠሪውና ወረዳው አስቀድመው ይዋዋሉ፤ ቦረቦሩ ከተከፈተ በኋላ የሚደረገው ክርክር ለገበሬው አይረባውም። አራተኛ፥ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር የሚሠራው ከላይ ወደ ታች በተራ ይሁን፤ ድንጋዩም ብቻውን ስለማይበረታ በመካከሉ ሣርና ቍጥቋጦ ይተከል። አምስተኛ፥ በወንዝ ዳር ጥቂት እርምጃ መሬት ሳይታረስ ይቅር፤ አኻያና ሸምበቆም ይተከልበት። እስከ ውሃው ከንፈር ድረስ የሚያርስ ሰው አንድ ትልም አገኛለሁ ሲል በአንድ ክረምት አሥር ትልም ያጣል።

ስድስተኛው ነገር የዳኝነት ነው። በብዙ የይዞታ ደብተር ላይ የመሬቱ አዋሳኝ «ወንዝ» ተብሎ ተጽፏል። ወንዝ ግን ስፍራውን የሚለቅ አዋሳኝ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን የተሰበሰበው የሮማውያን ሕግ ይህን ነገር በሁለት ከፍሎ አይቶታል፤ ወንዝ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ የጨመረው አፈር ለተጨመረለት ባለ መሬት ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ በጎርፍ ተቈርሶ ወደ ማዶ የሄደ መሬት ግን የቀድሞው ባለቤት መሆኑ አይቀርም። በእኛ አገር መሬቱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ስለ ሆነ ያ ሕግ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ነገር ግን ቀስ ያለውንና ድንገተኛውን ለውጥ መለየቱ ለማንኛውም ዳኛ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ክረምት ሳይገባ ሁለቱም ወገን ባሉበት፥ ከውሃው ራቅ ባለ በማይናወጥ ስፍራ የድንጋይ ምልክት ማቆምና ርቀቱን ለክቶ በመዝገብ መጻፍ ነው። ይህ ከተደረገ ወንዙ ቢዞርም ጠቡ አይዞርም። ደም ከፈሰሰ በኋላ ከሚደረግ እርቅ በግንቦት የሚቆም አንድ ድንጋይ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይፈጸምም፤ ደግሞም ውጤቱ ቶሎ በዐይን የሚታይ ስላልሆነ የሚያስመሰግን ሥራ አይመስልም። ሹም ይሻራል፥ ሹም ይሾማል፤ ተራራ የሚለብሰው ግን በአሥርና በሃያ ዓመት ነው። ስለዚህ የሥራችን መለኪያ የእርከን ርዝመት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ምልክት ብንይዝ ይሻላል። ከዝናብ በኋላ የጅረቱ ውሃ ከአምናው ይልቅ ጠርቶ እንደ ሆነ፥ ጎርፉ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ከማለቅ ይልቅ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ የሚጎድል እንደ ሆነ፥ በየካቲት ይደርቅ የነበረው ምንጭ እስከ ሚያዝያ የቈየ እንደ ሆነ፥ የቦረቦሩም ራስ አምና ከቆመበት ፈቀቅ ሳይል ያደረ እንደ ሆነ፥ ያ ወረዳ ሠርቷል። እነዚህን አራት ምልክቶች ለማየት የሚያስፈልገው አንድ እንጨት፥ አንድ ደብተርና እግር ብቻ ነው።

በሚመጣው ሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጎርፉ በደረሰበት ወንዝ ዳር ቆሞ መመልከት የተለመደ ነው። ክቡራን ሹማምንት ግን ከዚያ አስቀድማችሁ፥ ገና በበጋው፥ ከገበሬዎቹ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ወረዳችሁ ከፍተኛ ስፍራ ብትወጡ፥ ውሃው ከየትኛው ማሳ፥ ከየትኛው የከብት መንገድ፥ ከየትኛው ቱቦ ተነሥቶ ወደ የት እንደሚወርድ በጣታቸው ያሳዩአችኋል። በዚያ የታየው ነገር በበጋው ካልተሠራ፥ በክረምቱ በወንዙ ዳር የሚደረገው ሁሉ ሐዘን መቀመጥ ነው።